ባንኩ ያላየው ቼክ

ሰው ልጁን ትራክተር መንዳት ያስተምራል፣ ዋና ያስተምራል። ቼክ መጻፍ ግን ጢም ሲያበቅል አብሮ የሚበቅል ይመስለዋል። በከተማችን ትምህርት ቤት የሂሳብ አያያዝ ሳስተምር ኖሬያለሁና ይህ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

አንድ ዓመት መጋቢት ላይ፣ በረዶው ገና ከአሜሪካዋ ሚኒሶታ ማሳ ሳይነሳ፣ ለተማሪዎቼ መለማመጃ የሚሆን ባዶ ቼክ ልለምን ወደ ባንክ ሄድኩ። አብራኝ የነበረችው ቬርና ናት፤ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው የኦስካር ልጅ፣ ከክፍሉ ሁሉ ጠንቃቃዋ። ውስጥ ከጋሽ ሃልቮር ጋር ተገጣጠምን። እሳቸው የትምህርት ቤቱ ቦርድ አባል ናቸው። በዚያው ምሽት ቦርዱ የእኔ ትምህርት ይቅር ወይስ ይቀጥል በሚለው ላይ ድምፅ ሊሰጥ ነበር፤ እንዲቀር የሚሟገቱትም እሳቸው ነበሩ።

ባርኔጣቸውን አንስተው በትህትና ሰላም አሉኝና ወዲያው ነገር ጀመሩ። "መምህር፣ እንግዲህ ልጆቹን ፊርማ ልታስተምራቸው ነው? እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ደረቅ ቼክ ግን ጽፌ አላውቅም።"

እውነታቸውን ነው። ሂሳቡን ይይዙ የነበሩት ግን ባለፈው መኸር ያረፉት ባለቤታቸው አልማ ነበሩ። ይህ አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት፤ ሐዘንተኛን እንዲህ አይሉትም።

የእሳቸው ዘዴ ቀላል ነው፦ የባንኩ መስኮት ጋ ሄዶ ስንት እንዳለ መጠየቅ። የባንኩ ጸሐፊ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ዶላር አለዎት ብላቸዋለች። የብርዱን ወራት ሙሉ ስላልመጡ የተጠራቀመውን፣ የተከፈሉ ቼኮች የተመለሱበትን ፖስታም ሰጥታቸዋለች። አሁን ወደ ሐራጅ ሊሄዱ ነው፤ የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን ይሸጣል፣ እስከ ዘጠኝ መቶ ድረስ ሊጫረቱበት ቆርጠዋል።

ቬርና አንገቷን ደፍታ፣ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባንኩ የነገረዎት እሱ ጋ የደረሰውን ብቻ ነው። ፈርመው የሰጡትንና ገና ያልቀረበለትን አያውቅም" አለቻቸው።

"ቼክ ተቀብሎ የሚጠብቅ ሰው አለ እንዴ? እንቁላል ነው የሚታቀፈው?"

ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። የቼኩን ጉርድ፣ ደብተሩ ላይ የሚቀረውን ቁራጭ፣ እንዲያሳዩን ለመንኳቸው። ከመኸር ወዲህ አንድ ፊደል አልሰፈረበትም። እንግዲያው ለማን ለማን እንደፈረሙ በቃልዎ ይንገሩን፣ ክፍል ውስጥ እንደምናደርገው ከፖስታው ጋር እናስተያይ አልኳቸው። እያሾፉም ቢሆን እሺ አሉ። ነዳጅ አቅራቢውን ጠሩ፣ የእንስሳት ሐኪሙን ጠሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ጠሩ። ቬርና እያንዳንዱን ቼክ ከፖስታው እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

"ሌላስ የለም? እስቲ ረጋ ብለው ያስቡ" አለች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። አንድ ነገር ታውቃለች፤ ግን ከአባቷ መሳቢያ ያለውን በሰው ፊት ማውጣት ነውር ሆኖባታል።

"የለም። ከቀብሩ በኋላ እኮ እንኳን ቼክ..." ብለው ቆሙ። ፖስታውን ራሳቸው ገለበጡት። ባዶ ነው። "የአልማ ድንጋይ" አሉ ቀስ ብለው። "አራት መቶ ሰማንያ። ልጄ፣ አባትሽ ለምን አላወጣውም?"

"መሬቱ በረዶ ይዞታል፤ ድንጋዩ እስከ ግንቦት አይቆምም። አባዬ ደግሞ ያላቆመውን ድንጋይ ገንዘብ አይነካም። ልማዱ ነው።"

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ማሽኑን ቢገዙ ኖሮ ግንቦት ላይ ኦስካር ድንጋዩን አቁሞ ባንክ ሲሄድ የሚጠብቀው ደረቅ ቼክ ነበር፤ ያውም ለአልማ ድንጋይ የተሰጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው።

"ድንጋዩ ላይ ከጎኗ የእኔም ስም ተቀርጿል" አሉ። "ባልተከፈለበት ድንጋይ ሥር አስተኝቻት፣ እኔም መጥቼ ጎኗ ልተኛ ነበር።" ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ታዲያ እንዴት ነው የሚደረገው?" ብለው የጠየቁት እኔን ሳይሆን ልጅቷን ነው። እሷም በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ቼክ ሲጽፉ ያኔውኑ ጉርዱ ላይ ያስፍሩ፣ ከቀሪውም ይቀንሱ። በየወሩ ተከፍለው ከተመለሱት ጎን ምልክት ያድርጉ፤ ምልክት ያላገኘውን ባንኩ ከሚነግርዎ ላይ ያንሱ። የእርስዎ የሚባለው ከዚያ የተረፈው ነው። ጋሽ ሃልቮር ብዕር ተውሰው የመጀመሪያውን መስመር እዚያው ጻፉ፦ ለኦስካር፣ ለአልማ ድንጋይ። ወደ ሐራጁም አልሄዱም።

ማታ በስብሰባው ላይ ተነስተው ሁሉንም ሳይደብቁ ተናገሩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ እኔ ግን ገና ሳልቀበር ላጠፋው ነበር አሉ። ከዚያም እንዲህ ብለው ጨረሱ፦ "የፈረምነው ገንዘብ ባንክ ቢያድርም የሌላ ሰው ነው። ይህን ያወቀ ልጅ የሌለውን አይገዛም፣ ነጋዴ አያሳፍርም፣ የባንክ ቅጣት አይከፍልም። ባል ወይም ሚስት ቢሞትበትም ሂሳቡ ጨለማ አይሆንበትም። ትምህርቱ ይቀጥል።" ቀጠለም።

ድንጋዩ ግንቦት ላይ ቆመ። በሚቀጥለው ወር ጋሽ ሃልቮር ፖስታቸውን ይዘው ክፍሌ ገቡ። ተከፍሎ የተመለሰውን የኦስካርን ቼክ አውጥተው ለልጆቹ አሳዩና ጉርዱ ላይ ከአልማ ስም ጎን ምልክት አደረጉ።

"እሷ ይህን ሁልጊዜ እራት ጠረጴዛ ላይ ትሠራው ነበር" አሉ። "አንድ ቀን እንኳ ምን እየሠራሽ ነው ብዬ አልጠየቅኋት።"

ከዚያ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጠው ደወሉ እስኪደወል ተማሩ።