ጀርባውን ለእንጦጦ የሰጠ ዲሽ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዲስ አበባ፣ ወሰን ሰፈር። ወይዘሮ ጸጋ ልብስ እያሰጣች ከአጥሩ ወዲያ ሽንኩርት የምትልጠውን ጎረቤቷን ፌበንን ታዋያታለች። ባሏ ጉደታ ሞተር ያለው ዲሽ እተክላለሁ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያ ላይ ነው። ዐሥር ሰዓት ላይ ልጃቸው ሣራ ከኳየሯ ጋር በቴሌቪዥን ትዘምራለች፤ ብቻዋን የምታዜመውም አላት። ጸጋ እንዳያመልጣት ሰግታለች። ድምፅዋ ግን ለስላሳ ነው፣ ለስላሳ ሆኖም ጣሪያ ድረስ ይሰማል።

«ፌበኔ፣ እንዴት ዋልሽ የኔ እናት? ፀሐዩ ለልብስ ጥሩ ነው አይደል?… ቆርቆሮ ላይ ለተቀመጠ ሰውም ደህና ይሞቃል።

አንድ ሰው አውቃለሁ፣ ጎበዝ! አንድ ቦታ ተተክሎ የሚቀር ዲሽ አይወድም። ‹እየዞረ ሁሉንም ይልቀም› አለ። እውነቱን እኮ ነው! ድሮ አንዱን ብቻ ጥርት አድርጎ ያሳየን ነበር… አሁን ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ጭረት እናያለን።

ባለሙያው ሀብቶም እዚሁ ታክሲ መያዣው ጋ ነው፤ እንጥራው ቢሉት ‹ለዚህ ለዚህ ሰው አላስቸግርም› አለ። ትሕትናው! ዲሹ ወደ ደቡብ ማየት አለበት ተባለ። ደቡብን በምን አገኘው መሰለሽ? ስልኩ አቅጣጫ ያሳያል፤ እሱ ግን በስልክ የሚታለል ሰው ነው? ‹እንጦጦ ሰሜን ነው፤ ጀርባዬን ከሰጠሁት ፊቴ ደቡብ ነው› አለ። ፒያሳ ነዋ ያደገው! ከዚህ ከወሰን ሲያዩት እንጦጦ ወደ ፀሐይ መጥለቂያው ጋደል ይላል… ያው ተራራው ነው የተሳሳተው።»

ከላይ መፍቻ ወደቀ። ሞተሩ እያቃሰተ ዞሮ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ካራ ከብት ገበያ አድርጎ ቀጥ አለ።

«አየሽ፣ ዞረ! ሲዞር እንዴት ያምራል… ሰፈሩን ሁሉ ሰላም እያለ። የካራ በሬዎች በስንተኛው ቻናል እንደሚገኙ ብቻ አላወቅንም። ለልጁ ያለው ፍቅርስ? ሌላ አባት ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ያያታል፤ እሱ ግን…»

ድንገት ከፌበን ቤት መዝሙር ተሰማ። የፌበን ዲሽ ሀብቶም አንዴ እንዳቆመው የቀረ፣ የማይዞር ዲሽ ነው።

«ውይ! ሣራዬ ናት! ጀመረች!»

ጸጋ አንሶላውን ገመዱ ላይ እንደተጠቀለለ ትታ ወደ ፌበን ግቢ ሮጠች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆም አለች፤ ቀና ብላ ወደ ጣሪያዋ ፈገግ አለች።

«ያን ሰው ሳልመርቀውማ አልገባም፣ ፌበኔ… ጌታ የማቱሳላን ዕድሜ ይስጠው፤ ሣራ አያት ሆና ስትዘምር እንኳ ለማየት ይድረስ!»