አርባ ሁለት መስፈርትና የእትዬ በር ጣቶች

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበሩ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ፣ ባልደረቦቼ፤

ሥራ ፈታችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ ሽጉጥ ያሣላችሁትን ደግሞ ለይቼ አመሰግናለሁ። ሪቮልቨር ይሁን አውቶማቲክ አይለይም፤ ማንንም አላስቀየማችሁም። ይህ ብልሃት በኮሚቴያችን ቢኖር ሥራው በሳምንት ያልቅ ነበር።

እዚህ የመጋዘን ጥበቃ ድርጅት ስቀጠር ዲግሪዬ ገና ትኩስ ነበር። ዓለምን ልለውጥ ነበር የመጣሁት። ሰብሳቢያችን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዘበኞቻችን ወደፊት በየቀኑ የሚታጠቁት ሽጉጥ ሪቮልቨር ይሁን አውቶማቲክ የሚለውን የሚያጠና ኮሚቴ አለን። ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ።»

«ጥናቱ የት ደርሷል?»

«ሊያልቅ ሲል ጸሐፊው ለቀቀ።»

«እሱ ካቆመበት እቀጥላለኋ!»

«የለም! ጸሐፊ ሲለወጥ ጥናቱ ከገጽ አንድ ይጀምራል። አሠራራችን ነው።»

ከገጽ አንድ ጀመርኩ። አሥራ አራት ወር ፈጀ።

ያልተከራከርንበት ምን አለ? ሰብሳቢያችን የሪቮልቨር ሰው ናቸው። «ስድስት ጥይት በክብ ከበሮዋ ይዛ ቁጭ ያለች! ቃታ መሳብ ነው። አትከሽፍ፣ አታኮርፍ» ይላሉ። ምክትላቸው የአውቶማቲክ ሰው ናቸው። «ጥይቱ ብዙ፣ ቅርጹ ስስ፣ ከኮት ሥር የማይታወቅ» ይላሉ። ኮት የሚለብስ ዘበኛ አለን እንዴ? ኮት የሚለብሱት እሳቸው ናቸው።

የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ጋሼ ዘይቱ፣ ያገኙትን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ስለሚቀቡ ነው ስማቸው፣ በየስብሰባው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። «የሚታጠቀው ማን ነው?»

«ከአጀንዳ ውጭ!» እንላቸዋለን። አዎ፣ እኔም ጭምር።

እኔማ ሠንጠረዥ እየሠራሁ ነበር። አርባ ሁለት መስፈርት! ክብደት፣ ውፍረት፣ የጥይት ብዛት፣ ፎቶ ላይ ያለው ግርማ። በቀለም በቀለም አሳመርኩት። አውቶማቲክ በሁለት ነጥብ አሸነፈ። ልናዘዝ? ያን ጊዜ አንዱንም ሽጉጥ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ከዚያ የሙከራው ቀን መጣ፤ ሁለቱም ሽጉጦች ከሻጩ በውሰት መጡ። ዘበኛችን እትዬ በር ተጠሩ። ዋናው በራችን ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቆመዋል፤ በዱላ። ሽጉጡ ገና እየተጠና ነዋ! የሽጉጡ የቆዳ ማህደር ግን ቀድሞ ስለተገዛ ወገባቸው ላይ ታጥቀውታል። መነጽራቸውን ይይዝላቸዋል።

ሪቮልቨሩን ሰጠናቸው፤ ስድስቱንም ዒላማው ላይ አሳረፉት። አውቶማቲኩን ሰጠናቸው። እሱ እንዲተኩስ መጀመሪያ መቀባበል አለበት፤ የላይኛውን ብረት በኃይል ወደ ኋላ ስቦ መልቀቅ ነው። በራችን ላይ ብርድ ያሳበጣቸው ጣቶች እምቢ አሉ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ማንም አልሳቀም። ሽጉጡን በሁለት እጃቸው ይዘው መለሱልኝ።

«ምሩቋ፣ እዚያ ሠንጠረዥሽ ላይ ጣት ስንተኛ ነው?»

የለም። በአርባ ሁለቱ መስፈርት ውስጥ አንድ ጣት የለም።

«ተሳስቻለሁ፣ ላርመው» ብዬ ለመንኩ። «በጥናት የጸደቀ በጣት አይሻርም» አሉ ምክትላችን። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፦ አውቶማቲክ ተመርጧል፤ ማቀባበል ያልቻለ ዘበኛ ይሰናበታል። እትዬ በር ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር ነበር የቀራቸው።

በማግስቱ በበሩ ሳልፍ ዓይናቸውን ማየት ፈራሁ። «ተቀየሙኝ?» አልኳቸው።

«ምኑን ልቀየም? ልጅ ነሽ፣ ትማሪያለሽ። ለልጅ ልጆቼ 'ጡረታ ወጣሁ' ልል ነበር የተዘጋጀሁት። አሁን 'ተባረርኩ' ልል ነው። እሱ ነው የከበደኝ።»

ባልደረቦቼ፣ ለምን እንደምለቅ ስትጠያየቁ ሰምቻለሁ። የተሻለ ሥራ አገኘች ያላችሁ አላችሁ። አላገኘሁም፤ ገና እፈልጋለሁ፣ አገኛለሁም። ጸሐፊ ሆኖ አልፈርምም ማለት አይቻልም። መልቀቅ ግን ይቻላል።

ሰብሳቢያችን፣ አንድ ጥያቄ ይፍቀዱልኝ። ያለ ጸሐፊ ፊርማ ቃለ ጉባኤ ይጸናል? «አይጸናም» ብለው ራስዎን ሲነቀንቁ አየሁ፤ አመሰግናለሁ። ትናንት የኮሚቴውን ወረቀት ሁሉ አስረክቤያለሁ። አንድ ገጽ አልጎደለም። የጎደለው ፊርማዬ ነው።

እንግዲህ ጸሐፊ ተለወጠ። አሠራራችን ምን ይላል?

ማነው ከኋላ «ከገጽ አንድ!» ያለው? ጋሼ ዘይቱ፣ ድምፅዎን አወቅኩት።

ተተኪዬ ሆይ፣ አደራህን አትቸኩል። ደግሞ የመጀመሪያው መስፈርት ላይ «ጣት» ብለህ ጻፍ። አሥራ አራት ወር አለህ፤ ለእትዬ በር ግማሹ ይበቃቸዋል።

ሰብሳቢያችንና ምክትላችን፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ክርክራችሁንም ያርዝምልኝ። ጋሼ ዘይቱ፣ ዘይትዎ አይለቅ። ሁላችሁም ከዚህ ግቢ በሰላም ገብታችሁ በሰላም የምትወጡ ያድርጋችሁ።

እትዬ በር፣ እርስዎ ደግሞ ያ ማህደር መነጽርዎን ብቻ እንደያዘ፣ በራሱ ቀን፣ በራስዎ እግር፣ በዋናው በር ጡረታ ይውጡልኝ።