ጋሽ ታደሰ ያመጧቸው ሽማግሌ

ጋሽ ታደሰ ቶተንሃም ያለው ሱቃቸው ውስጥ ያለ ፈቃድ የሰው ገንዘብ ወደ አገር ቤት ሲልኩ ተያዙ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን የሠሩትን ሁሉ ካመኑና ቅጣት ከከፈሉ ፍርድ ቤት እንደማያቆማቸው ነገራቸው። እሳቸውም «የላክሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ብለው አመኑ። እንግሊዝኛቸው ለሱቅ እንጂ ለቢሮ ስለማይሆን ሊፈርሙ ሲሄዱ ላስተረጉምላቸው አብሬ ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ ከረባት ያሰሩ አዛውንት ይጠብቁናል።

«እሳቸው ደግሞ ማን ናቸው?» አልኩ።

«ሽማግሌ ናቸዋ! ያለ ሽማግሌ እርቅ አለ እንዴ፣ ልጄ?»

ገባን። ኃላፊዋ ከመፈረሙ በፊት የሚጨመር ነገር እንዳለ ስትጠይቅ አዛውንቱ ተነሥተው እጅ ነሱ። «እመቤቴ፣ ታደሰ ደግ ሰው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ገንዘቤን ለእናቴ ያደረሰልኝ እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ሰው ይጠይቁ፤ ያላደረሰለት የለም!»

ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረች። የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስተረጉም ቃል ገብቻለሁ። ልዝለለው ይሆን? እንዳለ አስተረጎምኩት። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ስምምነቱ እንደቀረ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ነገረችኝ።

ጋሽ ታደሰ ፊታቸው በርቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አየህ፣ ሽማግሌ ማለት ይኼ ነው! ምን አለች?»