አባ ሥራዬን ሊያዩ የመጡ ዕለት

በጃንሆይ ጊዜ ድሬዳዋ የባቡር ፍሬን ጠጋኝ ሳለሁ፣ «መንኩሼ እግዚአብሔርን ላገልግል» ብዬ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «እስቲ መጀመሪያ ሥራህን ልየው» አሉኝ። እየገረመኝ ይዣቸው ሄድኩ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከፉርጎው ሥር አጎንብሰው ሲያዩ አለቃዬ አሊ መጣ።

«ይህን ሰው ለገዳም ትሰጠኛለህ?» አሉት።

አሊ ደነገጠ። «ወላሂ አባ፣ ልጆቼን በባቡር የምልካቸው እሱ የፈተሸውን ፍሬን አምኜ ነው!»

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «ጥሪህን ከሰማይ ስጠብቅ ከአሊ አፍ ሰማሁት» አሉ።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። «አባ፣ ብረት ማጥበቅም አገልግሎት ይባላል?»

«ነገ ወደ አዋሽ ተሳፋሪ ነኝ፤ ፍሬኑን ስታይልኝ ራስህን ጠይቀው።»

በማግስቱ መፍቻዬን ይዤ ከፉርጎው ሥር ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን እየጸለይኩ ሠራሁ።