በሌለበት የተመረጠው አፈ ጉባኤ

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ስልኳን እያየች ትስቃለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ አላስቻላቸውም።

«ምን ተገኘ ልጄ?»

«አፈ ጉባኤ መረጥን፣ አባባ።»

«የየት አገር?»

«የጨዋታ ነው። በኢንተርኔት የራሳችን መንግሥት አለን፤ ፓርላማም ሚኒስትርም።»

«ማን ተመረጠ?»

«አንድ የማጂ ልጅ።»

«ንግግር ያውቅበታል?»

«ኧረ እሱማ የለም! ለቡና ለቀማ ጫካ ገብቶ ኔትወርክ ካጣ ሰነበተ።»

«ታዲያ ምኑን አይታችሁ መረጣችሁት?»

«ያለነው ሁላችን በክርክሩ ተሰዳድበናል። እሱ ግን ማንንም አልሰደበም።»

«ሥራውንስ ማን ይሥራው?»

«ሲመለስ ይሠራዋላ!»

«ደግ አደረጋችሁ። እኛም የእድራችንን ሰብሳቢ የመረጥነው እንደዚሁ ነው። የመጣነው ሁሉ ‹እኔን ተዉኝ፣ እኔን ተዉኝ› ስንባባል፣ እጃችንን ላልመጣው ሰውዬ አወጣን።»

«እሺ አለ?»

«የት ሰምቶ! ዛሬ ይደወልለታል።»

ባለፈው እሁድ ከእድራችን ስብሰባ መቅረቴ ትዝ ሲለኝ፣ ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ አጠፋሁት።