«ም»ን የወሰደ ጉንፋን

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። አፍንጫቸው ስለተደፈነ «ም» ሲሉ «ብ» ይሆንባቸዋል። ሲያነጥሱ አጠገባቸው ያለችው ሴት፣

«ይማርዎ፣ ጋሼ» አለች።

«ያኑርሽ። ለወንድቤ ልጅ ሽባግሌ ሆኜ አልባዝን ልጠይቅ ነው።»

«አልባዝ?»

«አልባዝ ሳትሆን አልባዝ።»

«አልማዝ ነው የሚሉት?»

«እኔስ ብን አልኩ?»

«ነጭ ሽንኩርት በማር አልሞከሩም?»

«ባሩን ጨረስኩት።»

«ታዲያ ሌላ ሽማግሌ ቢናገርልዎስ?»

«ተናጋሪው እኔ ነኝ። ልጅቷን ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ባለፈው እባባ ብዬ ብጠራቸው፣ እባብ አለኝ ብለው ተቀየቡ። ዛሬ ከደገብኩት ልጅቷን አይሰጡንብ።»

«እማማን ይተዉትና እትዬ ይበሏቸው። እትዬ ውስጥ ‹ም› የለም።»

የሰውዬው ፊት በራ።

«እትዬ። እትዬ። ተባረኪ፣ ልጄ።»

«ከነስማቸው ቢጠሯቸው ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ማን ይባላሉ?»

ሰውዬው ትንሽ አሰቡ።

«ባቢቴ።»

እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ድምፄን ሳላሰማ «እማማ» ብዬ ሞከርኩ።