የጎረቤት ልጅ የሠራችው ጓንት

ወይዘሮ ማሚቱ በርበሬ በረንዳ ገበያ ያለውን ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲገሰግሱ፣ የሱቅ ጎረቤታቸውን የጠሂራን ልጅ ምስራን ጭድ ተራ ጥግ አገኟት። ምስራ የቴክኖሎጂ ተማሪ ናት። ከጓደኞቿ ጋር የሠራችው፣ በምስል የሚታየውን በእጅ የሚያስዳስስ ጓንት ሰፈር ውስጥ መወራት ከጀመረ ወዲህ ማሚቱ ጠሂራን በወጉ ሰላም ብለው አያውቁም። የጠሂራ ልጅ አዲስ ነገር ስትሠራ፣ የእርሳቸው ልጅ ቲና የአዋላጅነት የተግባር ፈተናዋን ወድቃለች። ቅዳሜ ትደግማለች፤ ያንንም ከወደቀች ትምህርቱ አበቃ።

«እትዬ ማሚቱ፣ ቲና በጓንቱ እንዳትለማመድ ለምን ከለከሏት?»

«መሞከሪያ አጥተሽ ነው? ኤሌክትሪክ ቢይዛትስ? ትምህርት ቤቷ ያ ነፍሰ ጡር በምስል የሚያሳይ መነጽር አለ፤ ሆዱንም ፅንሱንም ያሳያታል። ይበቃታል።»

ኤሌክትሪኩን መፍራታቸው እውነት ነው። ከፍርሃቱ ሥር ግን ቅናት ነበረ፤ ቅናት ደግሞ የጥንቃቄን ነጠላ ተከናንቦ መውጣት ያውቅበታል።

«ማሳየቱንማ ያሳያታል፤ እጇ ግን የሚዳስሰው አየር ነው። እርስዎ በርበሬ በዓይን ብቻ አይተው ይረከባሉ?»

«አብጃለሁ? ዛላው ስጨብጠው ካልተንኮሻኮሸ እርጥብ ነው፤ ይሻግታል።»

«ታዲያ በርበሬ በእጅ ከታወቀ፣ ፅንስ እንዴት በዓይን ብቻ ይታወቃል?»

«ምላስሽ የእናትሽ ነው። እሷም ደንበኛ የምትወስድብኝ በዚሁ ነው» አሉ ማሚቱ። «በይ አምጪው። የሚገድል ከሆነ እኔን ይግደል።»

ሱቅ ገብተው ምስራ ከቦርሳዋ ያወጣችውን መነጽር አደረጉ፣ ጓንቱንም አጠለቁ። ነፍሰ ጡር ፊታቸው ተኝታ ታየቻቸው። እየፈሩ ሆዷን ሲነኩ ጓንቱ መዳፋቸውን መልሶ ገፋቸው። ከታች ለስላሳ ነው፤ ከላይ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ ድቡልቡልና ጠንካራ።

«ጭንቅላቱ ወደ ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ቲናም በሆዴ እንዲህ ነበረች። አዋላጇ ሳታውቀው ቀርታ ሁለታችንም ልናልቅ ነበር።»

«ቲና እዚህ ውስጥ መቶ ጊዜ ብትሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም፣ እትዬ።»

ማሚቱ ጓንቱን አወለቁ። ከዚያ ወደ ጠሂራ ሱቅ ተሻገሩ።

«ጠሂራ፣ ልጅሽ ከኔዋ በልጣለች። ቅናት እየቆነጠጠኝም ቢሆን ልንገርሽ። ጓንቱን እስከ ቅዳሜ ለቲና አውሺኝ።»

«መጀመሪያ እኔን ሰላም በይኝ» አለች ጠሂራ፣ በርጩማ እየሳበችላቸው።

ቲና ቅዳሜ አለፈች። ማሚቱ ዛሬ በርበሬ ልትገዛ ለመጣች እናት ሁሉ ይመክራሉ፦ «በጓንት ውስጥ ስቶ የታረመ እጅ፣ እውነተኛዋን እናት ሲነካ አይስትም። የጎረቤት ልጅ አወቀች ብለሽ በር ብትዘጊ፣ የምትዘጊው በገዛ ልጅሽ ላይ ነው።» ቅናቱ እንኳ ዛሬም ጥቂት ይቆነጥጣቸዋል፤ ቲናን ወደ ምስራ ከመላክ ግን አያግዳቸውም።